በመካከል መቆም ንጽሕና ነውን?

ሁለት ሰዎች በተጣሉ ጊዜ ከሁለቱም ወገን ያልሆነ ሰው እጁ ንጹሕ ነው ይባላል። በፍርድ ወንበር ለሚቀመጥ ሰውም ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈለግበት ጠባይ ይህ ነው። ነገር ግን ከወገን ሁሉ ውጭ መሆን ሁልጊዜ ንጽሕና ነውን? ወይስ አንዳንድ ጊዜ የፍርሃት መሸሸጊያ ይሆናል? ይህን ጥያቄ ከመጽሐፍ አላገኘሁትም፤ በተማሪነቴ ዘመን ከሁለት ጓደኞቼ ጋራ ቅዳሜንና እሑድን ለማሳለፍ በእስጳንያ አገር ወደምትገኘው ወደ ኮርዶባ ከተማ በሄድሁ ጊዜ እርሱ አገኘኝ እንጂ። ነገሩ ትንሽ ነው፤ የፈጀውም ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ዳሩ ግን በእግር ውስጥ የቀረች እሾህ የረዥም መንገድ አካሄድ እንደምታበላሽ፥ ይህም ነገር በልቤ ቀርቶ ብዙ ዘመን ሲወጋኝ ስለ ኖረ፥ ብገልጸው ለእኔ መተንፈሻ ለሌላውም መጠንቀቂያ ይሆናል ብዬ አሰብሁ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተነገረው ዘመን ሁሉ በኤውሮጳውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልኝ።

በዚያን ጊዜ የምንማረው በማድሪድ ነበረ። ከጓደኞቼ አንዱ ጋሊሲያ ከሚባለው ከሰሜን ምዕራብ እስጳንያ፥ የቅዱስ ያዕቆብ መቃብር አለባት ከምትባለው ከሳንትያጎ ከተማ የመጣ ክርስቲያን ነው። ሁለተኛው የሞሮኮ ሰው ሙስሊም ነው፤ የተወለደባት ቴቱአን ከእስጳንያ የተሰደዱ ሰዎች በ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ እንደ ገና የሠሯት ከተማ ስትሆን፥ የእርሱም ቤተ ሰብ አያቶቻችን ከዚያው ከአንዳሉስያ የወጡ ናቸው እያሉ ሲተርኩ ይኖራሉ። ሦስተኛው እኔ ኢትዮጵያዊው ነኝ። በትምርት ቤት በአንድ ገበታ የምንቀመጥ፥ መጽሐፍ የምንዋዋስ፥ ገንዘብ ያጠረውን የምንደጉም ነበርን፤ ስለዚህ ወደ ኮርዶባ እንሂድ የሚል አሳብ በተነሣ ጊዜ ማናችንም ሁለት ጊዜ አላሰብንም።

ዓርብ ማታ በ1992 በተከፈተው በፈጣኑ ባቡር መንገድ ተሳፍረን፥ ሁለት ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ደረስን። በአሮጌው ከተማ ጠባብ መንገድ ውስጥ ሦስት አልጋ ያለበት አንድ ክፍል ተከራየንና ራት ፍለጋ ወጣን። የከተማው ሰዎች ቲማቲሙን ከዳቦ፥ ከነጭ ሽንኵርትና ከዘይት ጋራ ደቍሰው ቀዝቅዞ የሚቀርብ ሳልሞሬሆ የሚባል ምግብ አላቸው፤ በላዩም እንቍላልና የአሳማ ሥጋ ይነሰንሱበታል። እኔ ዓርብ ጾም ነውና ባዶውን ይሁንልኝ አልሁ፤ ሞሮኳዊውም ስለ አሳማው ባዶውን ለመነ። ጋሊሲያዊው ወደ ሁለታችን እየተመለከተ ሣቀና «እንግዲያስ የኔም ባዶውን ይሁን፤ በአንድ ገበታ ሁለት ሕግ አይኑር» አለ። እንዲህ በመሰለ ፍቅር በላን።

ከራት በኋላ ሮማውያን በጓዳልኪቪር ወንዝ ላይ ወደ ሠሩት ድልድይ ወረድን። የወንዙ ስም ከዐረብኛ የመጣ ሆኖ ታላቁ ወንዝ ማለት ነው። ድልድዩ አሥራ ስድስት ቅስት አለው፤ ብዙ ጊዜ የታደሰ ቢሆንም ሥረ መሠረቱ የሮማውያን እንደ ሆነ ይታወቃል። ከድልድዩ ላይ ሲመለከቱ በቀድሞ ዘመን ታላቅ መስጊድ የነበረው፥ ዛሬም ካቴድራል የሆነው ሕንፃ ከነደወል ማማው በመብራት ደምቆ ይታያል። ጓደኞቼም ስለ ደወል መከራከር የጀመሩት በዚሁ ድልድይ ላይ ነው።

የክርክራቸው ምክንያት ይህ ነው። በ997 ዓ.ም. አልመንሱር የተባለው የኮርዶባ ገዥ ወደ ሳንትያጎ ዘምቶ ከተማዪቱን አቃጠለ። የቅዱስ ያዕቆብን መቃብር ግን እንዳይነኩ ወታደሮቹን አዘዘ ይባላል። የቤተ ክርስቲያኑን ደወሎች በክርስቲያን ምርኮኞች ትከሻ አሸክሞ ያን ሁሉ አገር አቋርጦ ወደ ኮርዶባ አመጣቸው፤ ደወሎቹም በመስጊዱ ውስጥ የመብራት ማኖሪያ ሆኑ ተብሎ ተጽፏል። ከ239 ዓመት በኋላ በ1236 የካስቲልያ ንጉሥ ሣልሳዊ ፈርናንዶ ኮርዶባን በያዘ ጊዜ፥ እነዚያኑ ደወሎች በሙስሊም ምርኮኞች ትከሻ አሸክሞ ወደ ሳንትያጎ መለሳቸው ይላሉ።

ጋሊሲያዊው፦ «እኔ በልጅነቴ የዚያን ደወል ታሪክ እየሰማሁ አደግሁ፤ እዚህ ቆሜ እነዚያን ምርኮኞች ሳላስብ ማለፍ አልችልም» አለ። ሞሮኳዊው፦ «ደወሎቹን መልሰው የተሸከሙት ሰዎችስ ምን በደሉ? የወሰዷቸው ሰዎች ከሞቱ 200 ዓመት አልፎ ነበረ» ሲል መለሰለት። ያን ጊዜ ያ «ከመስጊዱ በፊት በዚያ ቦታ የቅዱስ ቪንሰንት ቤተ ክርስቲያን ነበረ ይባላል» አለ፤ ይህ ደግሞ «በ1492 ግራናዳ ከተያዘች በኋላ ለእስላሞቹ የተገባው ቃል የት ደረሰ? ከ1609 ጀምሮ የተጠመቁት ሳይቀሩ ለምን ተባረሩ?» አለ። እንዲህ እየተባባሉ አንዱ አንድ ዘመን ወደ ኋላ ሲጐትት ሌላው ሁለት ዘመን ወደ ፊት ሲገፋ ሌሊቱ ገፋ። ቍጣ ቢኖርበትም ስድብ አልነበረበትም። በመጨረሻ ሁለቱም ወደ እኔ ዞረው «አንተ ፍረደን፤ ከሁለታችንም አይደለህምና» አሉኝ።

ይህ ቃል ደስ አሰኘኝ። ትከሻዬን አቅንቼ እንዲህ አልኋቸው፦ «የደወሉ ክብደት በሁለቱም ጊዜ ያው ነው፤ የትከሻውም ቍስል ያው ነው፤ የተለወጠው የተሸካሚው ሃይማኖት ብቻ ነው። እንግዲህ በደል የማንም ወገን ርስት አይደለም። እናንተም የሞተውን ሰው ዕዳ ለመክፈልም ለማስከፈልም አትችሉም።» ሁለቱም ዝም አሉ፤ ጋሊሲያዊውም «መልካም ተናገረ» አለ። ከዚህም በላይ ስለ ኮርዶባ ጳጳስ ስለ ኦስዮስ ነገርኋቸው፤ በ325 ዓ.ም. በኒቅያ ከተሰበሰቡት ከሦስት መቶ ዐሥራ ስምንቱ አባቶች መካከል የጉባኤው መሪ ከነበሩት አንዱ እርሱ ስለ ሆነ፥ የእኛም ቤተ ክርስቲያን ሠለስቱ ምዕትን በቅዳሴዋ ዘወትር ስለምታስብ፥ «ይህች ከተማ ለእኔም የአባት አገር ናት» ብዬ ተመካሁ። በዚያች ሌሊት ራሱን ከተከራካሪዎች ሁሉ በላይ አድርጎ እንደሚያይ ሰው በሰላም ተኛሁ።

በማግሥቱ ቅዳሜ ጧት የአይሁድን ሰፈር አየን። በ1315 የተሠራው ምኵራብ በእስጳንያ ከቀሩት ከጥቂቶቹ የመካከለኛ ዘመን ምኵራቦች አንዱ ነው፤ ሌሎች ሁለት በቶሌዶ አሉ። ከዚያም ሩቅ ሳይሆን በ12ኛው መቶ ዓመት በዚህች ከተማ የተወለደው የሙሴ ማይሞኒዶስ ሐውልት ተቀምጧል፤ እርሱም ገና ልጅ ሳለ ከወላጆቹ ጋራ ከአልሞሃዶች ግፍ የተሰደደ ነው። በአሮጌው ቅጥር አጠገብ በ1126 የተወለደው የኢብን ሩሽድ ሐውልት አለ፤ እርሱም በሽምግልናው ዘመን ስለ ፍልስፍናው በግዞት የኖረ ነው። የፈላስፋው የሴኔካም ሐውልት በዚያው አቅራቢያ ቆሟል፤ እርሱም በዚህች ከተማ ተወልዶ በሮማ ቄሣር በኔሮን ትእዛዝ በገዛ እጁ የሞተ ነው። ሦስቱን ሐውልት በአንድ ጧት የተመለከተ ሰው፥ የዓለም ገዥዎች በሕይወት ሳሉ ያሳደዷቸውን ሰዎች የኋላ ትውልድ በሐውልት ሲያከብራቸው ያያል።

ወደ እኩለ ቀን ገደማ ወደ ካቴድራሉ ገባን። ይህ ሕንፃ በ785 ዓ.ም. ገደማ በቀዳማዊ ዓብዱራሕማን ተጀምሮ፥ ከእርሱ በኋላ የመጡት ገዥዎች እስከ አልመንሱር ድረስ እየጨመሩ ያሰፉት ነው። ከ850 የሚበልጡ ዓምዶች ቆመውበታል፤ ብዙዎቹም ከሮማውያንና ከጎጦች ፍርስራሽ የተወሰዱ ስለ ሆኑ አንዱ ከሌላው ቁመቱም መልኩም ይለያል። በዓምዶቹ ላይ አንዱ ቅስት በሌላው ቅስት ላይ ተደርቦ፥ ቀይ ጡብና ነጭ ድንጋይ እየተፈራረቀ፥ በዱር ውስጥ የሚሄዱ ይመስላል። የጸሎቱን አቅጣጫ የሚያሳየው ምሕራብ በወርቅና በመስታወት ጠጠር ያጌጠ ሲሆን፥ ለዚህ ሥራ የሚሆነውን ባለሙያና ጠጠር የላከው የቍስጥንጥንያ ክርስቲያን ንጉሥ እንደ ነበረ ጥንታውያን የታሪክ ጸሐፍት ይናገራሉ። በመካከሉ ደግሞ ከ1523 ጀምሮ ብዙ ዓምዶች ፈርሰው የተሠራው ከፍ ያለ የክርስቲያኖች መቅደስ አለ። ያን ጊዜ የከተማው ሹማምንት ክርስቲያኖች ሲሆኑ ይህ ሥራ እንዳይደረግ ተቃውመው ነበረ፤ ንጉሥ ካርሎስ ግን ለጳጳሱ ፈረደ፤ በኋላ መጥቶ ሥራውን ባየ ጊዜ፥ በየትም የሚገኝን ነገር ለመሥራት የትም የማይገኘውን አበላሻችሁ ብሎ አዘነ ይባላል።

ቦታው ከ1236 ጀምሮ የተቀደሰ ቤተ ክርስቲያን ስለ ሆነ የእስልምና ጸሎት በውስጡ አይፈቀድም። ይህን ሦስታችንም እናውቃለን፤ ሞሮኳዊው ጓደኛዬም ከማድሪድ ሳንነሣ «ማየት ይበቃኛል» ብሎ ነበር። ነገር ግን በምሕራቡ ፊት በቆመ ጊዜ መልኩ ተለወጠ። አያቶቹ ሲተርኩለት የኖረው ነገር በዓይኑ ፊት ቆመ። ሳያስበው ሁለቱን መዳፎቹን እስከ ደረቱ ከፍ አድርጎ ከንፈሩን ማንቀሳቀስ ጀመረ። አልሰገደም፥ ድምፅም አላሰማም።

ከጐናችን ይመለከት የነበረ አንድ እንግዳ ሰው፥ ከየት እንደ መጣ አላውቅም፥ ይህን አይቶ ተቈጣ። ድምፁን ከፍ አድርጎ «ይህ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ እናንተ ከዚህ ከወጣችሁ ብዙ ዘመን ሆኗችኋል፤ ወደ አገርህ ሂድ» አለው። ሌሎችንም የሚያዋርዱ ቃላት ጨመረበት፤ እነርሱን መድገም አያስፈልግም። በዙሪያው የነበሩ ሰዎች ሁሉ ዞረው ተመለከቱ።

እኔ ያን ጊዜ ምን አደረግሁ? ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ተመለስሁ፤ አንገቴን ቀና አድርጌ ቀዩንና ነጩን ቅስት እንደሚቈጥር ሰው ሆንሁ። አሳቤን ደብቄ አላስቀርም፤ በልቤ ያልሁት «ይህ የእነርሱ ጠብ ነው» የሚል ነው። መልኬ ለዚያ ሰው እንግዳ ስለ ነበረ ቍጣው ወደ እኔም እንዳይዞር ፈራሁ። ከእርሱ ጋራ እንዳልመጣሁ ለመምሰል ስፈልግ የሚያስፈልገኝ ውሸት እንኳ አልነበረም፤ ሁለት እርምጃ ብቻ በቃኝ።

ጋሊሲያዊው ግን በትናንትናው ሌሊት ስለ ደወሉ እስከ እኩለ ሌሊት የተከራከረው፥ ወደ ፊት ሄደ። እጁን በሞሮኳዊው ትከሻ ላይ አኑሮ ለዚያ ሰው በትሕትና «ጓደኛዬ ነው፤ ከእኔ ጋራ ነው የመጣው። የቦታውን ሕግ እናውቃለን፤ እናከብራለን። አንተም በዚህ ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ቃል አትናገር» አለው። ሰውየው እያጕረመረመ ሄደ። ጋሊሲያዊውም ጓደኛውን ቀስ አድርጎ ወደ ዓምዶቹ ጥላ ወሰደው። ነገሩ በዚህ አለቀ። ወደ እነርሱ በተመለስሁ ጊዜ ማናቸውም አንድ ቃል አልተናገሩኝም።

በዚያች ማታ ሁለቱ እንደ ልማዳቸው ሲጫወቱ እኔ ዝም አልሁ። ኦስዮስ ትዝ አለኝ። በኒቅያ ጉባኤ፥ ንጉሡ በወደደውና ብዙ አባቶች በተባበሩበት ቀን የጸናው ያ አባት፥ በ357 ዓ.ም. ዕድሜው መቶ ዓመት ሲጠጋ፥ ሌላ ንጉሥ በሲርምዮም ይዞ ባስጨነቀው ጊዜ የአርዮሳውያንን ጽሑፍ ተቀበለ። ቅዱስ አትናቴዎስ ስለ እርሱ ሲጽፍ የደረሰበትን ግፍ ቈጥሮ፥ ስለ ንስሐውም መስክሮ፥ በርኅራኄ ተናገረለት። እኔን ግን ማንም አላሰረኝም፥ ማንም አልገረፈኝም፤ ዕድሜዬም ገና 20 ዓመት አልፎ ጥቂት ነበር። ዓርብ ማታ በኒቅያው ኦስዮስ የተመካሁ ሰው፥ ቅዳሜ ቀን ከሲርምዮሙ ኦስዮስ በታች ሆኜ ተገኘሁ።

እሑድ ጧት ጋሊሲያዊው ቅዳሴ ሊያስቀድስ ገባ። ሞሮኳዊው በውጭ በብርቱካን ዛፎች በተተከለው አደባባይ ከውኃው ምንጭ አጠገብ ተቀመጠ፤ እኔም ከእርሱ ጋራ ቀረሁ። ደወሉ ተደወለ፤ ያ የደወል ማማ የቀድሞውን የመስጊድ ማማ በውስጡ አቅፎ የተሠራ ነው። ድምፁ እስኪያልፍ ጠብቄ «ትናንት ከአንተ የራቅሁት ስለ ፈራሁ ነው፤ ይቅር በለኝ» አልሁት። ጥቂት ዝም ብሎ እንዲህ አለኝ፦ «አይቼሃለሁ። ያ ሰው ከተናገረኝ ይልቅ ያንተ እርምጃ አሳዘነኝ። በድልድዩ ላይ ስለ ሁለታችን እኩል ስትናገር ደስ ብሎኝ ነበር፤ ለካ ከሁለታችንም እኩል ርቀህ ቆመህ ኖሯል።» ከዚያም ይቅር ማለቱን ለማሳየት እጄን ጨበጠኝ። ጋሊሲያዊው ከቅዳሴ በወጣ ጊዜም፥ የቀትር ጸሎቱን የሚያደርስበት ቦታ እንዲያገኝ ወደ ተከራየነው ክፍል ቀድሞ ሄደና የራሱን አልጋ ወደ ግድግዳው ገፍቶ፥ ሻንጣውን አውጥቶ፥ መሬቱን ባዶ አደረገለት። እኔም በዚህ ጊዜ የእኔን አልጋ ገፋሁ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ነገሩን እንመርምረው። በተጣሉ ሰዎች መካከል የሚቆም ሰው ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው ዳኛ ነው፤ እርሱ ከሁለቱም ወገን አለመሆኑ ግዴታው ነው፤ ነገር ግን ፍርዱን በስሙ ይሰጣል፥ ስለ ፍርዱም ይጠየቃል። ሁለተኛው አስታራቂ ሽማግሌ ነው። በአገራችን እንደምናውቀው ሽማግሌ በመካከል ሲቀመጥ ከሁለቱም ይሰደባል፥ ከአንዱ ደጅ ወደ ሌላው ደጅ ይመላለሳል፥ ጊዜውንና ክብሩን ይከፍላል፤ በመካከል የቆመው ከሁለቱም ርቆ አይደለም፥ ለሁለቱም ቀርቦ ነው። ሦስተኛው ተመልካች ነው። እርሱ ምንም አይከፍልም፥ በምንም አይጠየቅም፤ ዳኛና ሽማግሌ የሚቆሙበትን ስፍራ ግን ይይዛል፥ የእነርሱንም ክብር ይወስዳል። እኔ በድልድዩ ላይ ዳኛ መሰልሁ፤ በምሕራቡ ፊት ግን ተመልካች እንደ ሆንሁ ታወቀ። እንዲሁም ያ የዓርብ ፍርዴ ውሸት አልነበረም፤ ዛሬም ቢሆን የደወሉን ክብደት በተመለከተ አሳቤን አልለወጥሁም። ያጐደለው እውነት ሳይሆን ዋጋ ነው፤ ተናጋሪው ምንም ሳይከፍልበት የተነገረ ነበርና።

በዚህ ላይ ሦስት ተቃውሞ ይነሣል። አንደኛው፦ «ጓደኛህ የቦታውን ሕግ ሊጥስ ቀርቦ ነበር፤ ስለ እርሱ መቆም ጥፋቱን ማጽደቅ አይሆንምን?» የሚል ነው። አይሆንም፤ ጋሊሲያዊው ይህን በሥራ አሳይቶኛል። ሕጉን እናከብራለን አለ፥ ጓደኛውንም ከዚያ ስፍራ አራቀ፥ ነገር ግን ጓደኛዬ ነው ማለትን አላስቀረም። ሰውን መደገፍና የሰውየውን ሥራ ማጽደቅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ይህ ባይሆን ኖሮ በስሕተት የወደቀ ሰው ወዳጅ ባልኖረው ነበር።

ሁለተኛው፦ «ያ እንግዳ ሰው ለቤተ ክርስቲያኑ ክብር ቀንቶ ቢሆንስ?» የሚል ነው። ይህም መታሰብ የሚገባው ነው። እኛም በመቅደሳችን ሥርዐት የማይጠብቅ ሰው ብናይ ልባችን ይነድዳል። ነገር ግን ቅንዐት ሥርዐቱን ለማስጠበቅ ሲነሣ ሥርዐቱን በትሕትና ያመለክታል፤ ሰውን ለማዋረድ ሲነሣ ግን የቤቱን ክብር ራሱ ያፈርሳል። ደግሞም ነገሩን ገልብጦ ማየት ይገባል። በቍስጥንጥንያ በ537 የተፈጸመው የቅድስት ሶፍያ ቤተ ክርስቲያን በ1453 መስጊድ ሆነ፤ በ20ኛው መቶ ዓመት ቤተ መዘክር ሆኖ ቆይቶ በ2020 እንደ ገና መስጊድ ሆኗል። አንድ ክርስቲያን እዚያ ገብቶ የጥንቱን ሥዕል ሲያይ ሳያስበው ቢያማትብ፥ ሌላው ሰው በምን ቃል እንዲናገረው እንወዳለን? ለእኛ እንዲደረግልን የምንወደውን ለሌላው እንድናደርግ የታዘዝነው ትእዛዝ በኮርዶባ አንድ ዓይነት፥ በቍስጥንጥንያ ሌላ ዓይነት ሊሆን አይችልም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ የሚከብደው ነው፤ ይኸውም፦ «እንግዲያስ ሰው ሁልጊዜ ወገን መያዝ አለበትን? የማያውቀውን የጥንት ጠብ እያነሣ ሊከራከር ይገባዋልን?» የሚለው ነው። መልሱ በሁለት ይከፈላል። ያለፈውን በሚመለከት፥ የ997ንና የ1236ን ምርኮኞች እኔ ላወርዳቸው አልችልም፤ በሁለት ቀን እንግድነትም ያን ሁሉ ዘመን መርምሬ መፍረድ አይቻለኝም። ስለዚህ በዚያ ላይ አሳብን መግታት ትሕትና ነው። በፊቴ የሚደረገውን በሚመለከት ግን ዝም ማለት አሳብን መግታት አይደለም፤ ራሱ ሥራ ነው። የተሰደበው ሰው ዙሪያውን ሲመለከት የሚቈጥረው የሚናገሩትን ብቻ ሳይሆን ዝም ያሉትንም ነው። እኔ ስለ ጥንቱ ብዙ ቃል ነበረኝ፥ በፊቴ ላለው ግን አንድ ቃል አጣሁ። ለራሴ ያልሁት «ይህ የእነርሱ ጠብ ነው» የሚለው ነገር ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው፤ የደወሉ ጠብ የእነርሱ ሊሆን ይችላል፥ የጓደኛዬ መዋረድ ግን የእኔ ጉዳይ ነበረ።

ከዚህም የሚከተል ሌላ ነገር አለ። ሰዎች ስለ ጥንት በደል አጥብቀው ሲከራከሩ ሰምተን እነዚህ ጠላቶች ናቸው ብለን እንፈርዳለን፤ ዝም ያለውንም ሰላማዊ እንለዋለን። ነገሩ ግን ሁልጊዜ እንደዚህ አይደለም። ጋሊሲያዊው ስለ ደወሉ የተከራከረው ጓደኛውን እንደ ትልቅ ሰው ቈጥሮ፥ መልስ ይሰጠኛል ብሎ አምኖ ነው። ያ ክርክር አንዱን ከሌላው አላራቀውም፤ የጓደኛውን ቍስል የት እንዳለ ስላስተማረው፥ በማግሥቱ ያ ቍስል በተነካ ጊዜ ፈጥኖ ደረሰለት። የኔ ሚዛን ግን ከሁለቱም ስላልተነካ ከሁለቱም ምንም አልተማረም።

የበደል ሰንሰለት የሚቈረጠውም በዚህ መንገድ ይመስለኛል። ንጉሥ ፈርናንዶ ደወሉን ወደ ባለቤቱ መመለሱ ተገቢ ነበረ፤ በምርኮኛ ትከሻ መመለሱ ግን በደሉን ከደወሉ ጋራ አብሮ አስመለሰው። ደወል በሠረገላም መሄድ ይችል ነበርና። ጋሊሲያዊው ጓደኛዬ ካቴድራሉን ለማንም ለመስጠት ሥልጣን የለውም፤ የራሱ የሆነው አልጋውና ሻንጣው ያሉበት አንድ ስፍራ ብቻ ነው፤ እርሱን ለቀቀ። የሰው የሆነውን እንዲሰጥ ሌላውን መምከር ቀላል ነው፤ የራስን ትንሽ ስፍራ መልቀቅ ግን ያለ ስብከት የሚፈጸም ፍርድ ነው።

እሑድ ማታ በባቡር ወደ ማድሪድ ስንመለስ ሁለቱ ደግሞ ስለ ደወሉ ጀመሩ። ማንም ፍረድ አላለኝም፤ እኔም ለመፍረድ አልቸኰልሁም። የኮርዶባው ሴኔካ ለወዳጁ በጻፈው መልእክት፥ መንገደኛ የትም ቢሄድ ራሱን ይዞ ስለሚሄድ አገር መለወጥ ብቻውን እንደማይረባው ያስተምራል። በእውነቱ እኔም ወደ ኮርዶባ ይዤው የሄድሁት ያንኑ ራሴን ነበረ፤ ነገር ግን ማንነቱን ያወቅሁት እዚያ ነው። ስለዚህ ያን ጉዞ በከንቱ አልቈጥረውም።

ከዚያን ጊዜ ወዲህ ሰው ከሁለቱም ወገን አይደለሁም ሲል ስሰማ፥ ራሴም ስለው፥ አንድ ነገር እጠይቃለሁ፦ ከሁለቱ አንዱ አሁን በፊቴ ቢዋረድ እግሬ ወዴት ይሄዳል? ወደ ፊት የሚሄድ ከሆነ በመካከል መቆሜ ሽምግልና ነው፤ ወደ ኋላ የሚሄድ ከሆነ ግን ንጽሕና ያልሁት ነገር ፍርሃት ነበረ። አንባቢም ይህን ጥያቄ ለራሱ ቢያቀርበው፥ መልሱን ከእኔ ቀድሞና ከእኔ ባነሰ ኀፍረት ያገኘው ዘንድ እመኛለሁ።